የጋቢናው ወንበር

ሰው በቤቱ ሲሆን ጠባዩ በግድግዳው ይከለላል፤ በመሥሪያ ቤቱ ሲሆን በማዕረጉ ይከለላል፤ በሕዝብ መካከል ቆሞ ሲናገር በንግግሩ ማማር ይከለላል። ለ12 ሰው በተሠራ መኪና ውስጥ ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ የሌላው ዘንቢል በጭኑ ላይ ተጭኖ መንገድ ሲጀምር ግን ጠባዩን የሚከልልበት ምንም ነገር አያገኝም። ስለዚህ የአንድ ከተማ ሕዝብ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚተያይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ገበያውንና አደባባዩን ከመጐብኘቱ በፊት መናኸሪያውን ቢጐበኝ ይሻለዋል እንላለን።

እኛ በጅጅጋ ከተማ መኖር ከጀመርን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የራሳችን መኪና ስለሌለን ለሥራም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓልም የምንጓዘው በሕዝብ መኪና ነው። ከምናየው ነገር ጥቂቱን ለክቡራን አንባብያን ለማካፈል የፈለግነው መንገዱን ለማማረር ብቻ ብለን አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ ልጆቻችን የሚማሩት አንድ ትምህርት ስላሳሰበን ነው እንጂ።

ጅጅጋ ከሐረር በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድንበሩ ደግሞ በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የሱማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ125 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተቆጥሮባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ እንደ ሰፋች ጐዳናዋን የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። ከመናኸሪያዋ ወደ ምዕራብ የሚነሣው መኪና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የታወቀውን የካራማራን ተራራ ተሻግሮ፣ የፋፈንን ሸለቆ አቋርጦ፣ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡትን አስደናቂ ቋጥኞች አልፎ በባቢሌ በኩል ሐረር ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚነሣው በድንበር ላይ ወዳለችው ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ወደ ቀብሪ በያህና ከዚያም አልፎ ወደ ደጋሃቡር ይወስዳል። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከጐዳና ወደ ጐዳና እንደ ንብ ሲመላለስ ይውላል።

በነዚህ መኪናዎች የማይሳፈር የሰው ዓይነት የለም። ከቶጎ ውጫሌ ዕቃ ጭኖ የሚመለሰው ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ከወረዳ ለጉዳይ የሚመጣው መምህር፣ ከገጠር ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምትገባው እናት፣ የታመመ ልጁን ወደ ሐኪም የሚያመጣው አርብቶ አደር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለክርስትና ጥሪ ወደ ሐረር የምትሄደው እመቤት፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ስፍራ ይገናኛሉ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሱማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ «ጠጋ በሉ» ይላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

የመንገዱ ጣጣ የሚጀምረው መኪናው ገና ሳይነቃነቅ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» እያለ ይጣራል። እውነት መስሎት ፈጥኖ የገባ መንገደኛ ተቀምጦ ዙሪያውን ሲመለከት፣ ከተሳፋሪዎቹ ከፊሎቹ የረዳቱ ባልንጀሮች መሆናቸውን፣ የተቀመጡትም መኪናው የሞላ እንዲመስል መሆኑን ይረዳል። እውነተኛ ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር ከነርሱ አንዱ እየወረደ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲሆን አንድ ሰዓት ያልፋል።

መኪናው ከተነሣ በኋላ የመስኮት ክርክር ይከተላል። አንደኛው «ንፋስ ይመታኛል፣ ዝጉት» ይላል፤ ሌላው «ልታፈን ነው፣ ክፈቱት» ይላል፤ ልጅ የታቀፈችው እናት ስለ ምች ታስጠነቅቃለች፤ የመኪና ጉዞ የማይስማማው ምስኪን ግን ፌስታሉን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ ይጠባበቃል። ቀጥሎ የመልስ ክርክር አለ። ረዳቱ «ዝርዝር የለኝም፣ ስትወርድ እሰጥሃለሁ» ይላል፤ ሲወርዱ ደግሞ መኪናው ይቸኩላል። በበዓል ሰሞን ዋጋው ከታሪፉ በላይ ይሆናል። ሬዲዮው ያለ ልክ ይጮኻል። ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር ለአራት ይሆናል፤ ያም ሲሞላ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ ይደረደራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «ዝቅ በሉ!» ይላል። በትርፍ የተጫኑት ሰዎች፣ ጠጉራቸው የነጣ አዛውንት ሳይቀሩ፣ አንገታቸውን ሰብረው ከወንበሩ መካከል ይሸሸጋሉ። ትርፍ ሰው እንዳይጫን የሚከለክለው ደንብ የወጣው የነርሱን ሕይወት ለመጠበቅ ነው፤ እንደ ጥፋተኛ የሚደበቁት ግን እነርሱው ናቸው። በኬላም እንዲሁ ነው። በሕዝብ መኪና የመጣው ሁሉ ወርዶ በፀሐይ ተሰልፎ ዕቃው እስኪፈተሽ ይቆማል፤ መስታወቱ የጠቈረ የግል መኪና ግን ሰላምታ ተቀብሎ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ይህን ሁሉ መንገደኛ ይችለዋል። አቧራው፣ መጣበቡ፣ መዘግየቱ በሁሉም ላይ እኩል የሚወርድ በመሆኑ፣ ሰዎች አብረው ሲያማርሩ አንዳንድ ጊዜ ወዳጅነት ይፈጥራሉ። እኛም ከቤታችን ደጃፍ ያላገኘናቸውን መልካም ሰዎች በባቢሌ መንገድ ላይ አግኝተናል። የማይቻለው ሌላ ነው፤ እርሱም ከመንገዱ ሳይሆን ከተሳፋሪው ልብ የሚመጣው ንቀት ነው።

የዚህ ንቀት መንበሩ ጋቢና ነው። ጋቢና የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በሕዝባችን አነጋገር ከሾፌሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ማለት ነው። በዚያ የሚቀመጠው ሰው የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ካለው ጋር አንድ ነው፤ የሚደርሰውም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ደቂቃ ነው። ሆኖም ጋቢና የክብር ስፍራ ሆኖ ተቈጥሯል። ረዳቱ ጫማው የተወለወለውን ሰው ከሩቅ ሲያይ «ጋቢና አለ፣ ጌታዬ» ይለዋል፤ በሽርጥ የመጣውን ሽማግሌ ግን ጋቢናው ባዶ ሆኖ ሳለ በትከሻው ገፋ አድርጎ ወደ ኋላ ይሰደዋል። ሰውዬው ማን እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ጫማውን አይቶ ፈረደ እንጂ።

አንዳንዱ መንገደኛ ደግሞ በሕዝብ መኪና መታየቱን እንደ ነውር ስለሚቈጥረው፣ ማንም ሳይጠይቀው «መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው» ብሎ ይጀምራል። በአጠገቡ ያሉት 17 ሰዎች ጋራዥ የገባ መኪና የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ቃል በሌላ አነጋገር «እኔ ከእናንተ ወገን አይደለሁም» ማለቱ ነው። በጋቢና የተቀመጠው በኋላ ወንበር ያለውን ይንቃል፤ በወንበር ያለው በበርጩማ ያለውን ይንቃል፤ በርጩማ ያገኘው በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ በላይ ተሳፍሮ የሚያልፈውን ይንቃል፤ ያም በበኩሉ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመላልሰውን ልጅ «ከመንገድ ውጣ!» ብሎ ይጮኽበታል። እያንዳንዱ ከበላዩ የተቀበለውን ሳይቀንስ ለበታቹ ያስተላልፋል።

አማርኛችን ራሱ ለዚህ ነገር መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል እናያለን። አንተ፣ አንቺና እርስዎ የሚሉት ቃላት ለሰው ተገቢውን አክብሮት ለመስጠት የተሠሩ ናቸው። በመኪናው ውስጥ ግን ባለ ከረባቱ የ25 ዓመት ወጣት «እርስዎ» ይባላል፤ የ60 ዓመት ወተት ሻጭ «አንቺ» ትባላለች። ረዳቱም ጺሙ የሸበተ ቢሆን እንኳ «አንተ ልጅ» ከመባል አያመልጥም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረታችን እውነት ከሆነ፣ ከጅጅጋ እስከ ሐረር ባለው መንገድ በየዕለቱ ብዙ ፍርድ ይሰጣል። የሱማሌ ጐረቤቶቻችን ታላቁን ሰው የሚያከብሩት በዝምድና ስም ነው። የማያውቁትን አዛውንት አዴር ይሉታል፣ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ወይም አብቲ ይሉታል፣ የእናት ወንድም ማለት ነው። ሴቲቱን ኤዶ ወይም ሀበሪያር ይሏታል፤ የአባት እኅት ወይም የእናት እኅት ማለታቸው ነው። እኛም እናቴ፣ አባቴ፣ እትዬ፣ ጋሼ የሚሉ መልካም ቃላት አሉን፤ ለጋቢናው ሰው ብቻ ተቈጥበው መቅረታቸው ነው የሚያሳዝነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ያየነው ነገር ነው። የፋፈንን ሸለቆ ስናልፍ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሱማሌ እናት ሁለት የወተት ዕቃዎች ይዘው ከመንገድ ዳር ተሳፈሩ። ዕቃዎቹ እንደ አገሩ ልማድ ከቃጫና ከሥራ ሥር የተሠሩ፣ በጭስም የታጠኑ ነበሩ። ጋቢና የተቀመጠው ባለ ከረባት ጐልማሳ አንገቱን አዞረና «ይህ የሚሸተው ምንድን ነው? ረዳት! ይህ ዕቃ ከላይ ይጫን እንጂ ሰው መካከል ይገባል?» አለ፤ አፍንጫውንም በመሐረብ ያዘ። ወይዘሮዋ አማርኛ አልሰሙም፤ ቃና ግን አስተርጓሚ አይሻምና ዕቃዎቹን ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው አጥብቀው ያዟቸው።

በአጠገባችን አንዲት ወጣት እናት 5 ዓመት የሚሆነው ልጇን በጭኗ አስቀምጣ ነበር። ልጁ ባለ ከረባቱን ተመለከተ፤ ከዚያ ወይዘሮዋን ተመለከተ፤ ከዚያም በሁለት ጣቶቹ አፍንጫውን ያዘ። ማንም አላስተማረውም፤ አንድም ቃል አልተነገረውም። ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚናቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተረድቶ ነበር።

እናቲቱ አልተቈጣችም። የልጁን እጅ ቀስ ብላ ከአፍንጫው ላይ አውርዳ በእጇ ያዘችውና እንዲህ አለችው፦ «ይህ ወተቱ እንዳይበላሽ ዕቃው የታጠነበት ጭስ ነው። አያትህም ቅሉን በወይራ ታጥናለች፤ የምትወደው እርጎዋ የሚሸተው እንዲሁ አይደለም?» ልጁ ጥቂት አሰበና «አዎ፣ እንደ አያዬ ቤት ይሸታል» አለ። በዙሪያው የተቀመጥነው ሁሉ ሳቅን። በእርግጥም ያ ሽታ የንጽሕና ሽታ ነበር። በደጋም በቈላም፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት፣ እናቶች ወተትን የሚጠብቁት በጭስ ነው። ባለ ከረባቱም ምናልባት እንዲህ ባለ ቅል ተናጠ ቅቤ ያደገ ሰው ይሆናል።

የካራማራን አቀበት ስንጀምር መኪናው አጓርቶ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲከፍት እንፋሎቱ ወጣ፤ ሁላችንም ወረድን። ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ ቆየን። ባለ ከረባቱ በመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚያልፉት የግል መኪናዎች እጁን ቢያውለበልብም አንዳቸውም አልቆሙለትም፤ ለነርሱ እርሱም እንደ ማናችንም በመንገድ የቀረ ሰው ነበር። ወይዘሮዋ በዚህ ጊዜ ሰፊውን መጐናጸፊያቸውን አውልቀው በአንድ የግራር ቍጥቋጦ ላይ ዘርግተው ጥላ ሠሩ፤ ልጁንም በእጃቸው ጠሩት። ልጁ ሄዶ በአጠገባቸው ተቀመጠ። ቈይቶ ባለ ከረባቱም ፀሐዩን መቋቋም ሲያቅተው ወደዚያው መጣ። ወይዘሮዋ አንድም ነገር ሳይሉ ተጠግተው ቦታ ለቀቁለት። ሰውየውም ጥቂት ቆሞ ከቆየ በኋላ ቁጭ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለ።

መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ እርሱ ወደ ጋቢናው፣ እርሳቸውም ወደ ኋላ ወንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽታ የተናገረ ሰው አልነበረም። የሰውየው ልብ ተለወጠ ብለን ለመመስከር አንችልም። ልጁ ግን በዚያ ጧት ሁለቱንም አይቷል፤ የመሐረቡንም ንቀት፣ የመጐናጸፊያውንም ጥላ። ከሁለቱ የትኛው በልቡ እንደሚቀር የሚወስነው በአብዛኛው የእናቲቱ እጅ ነው።

ሰውን በመቀመጫ መለየት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር የዛሬውን የሱማሌ ክልል ሰሜናዊ ምድር አቋርጦ፣ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽኒሌ በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። የዚያ ባቡር ፉርጎዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ተብለው የተለዩ ነበሩ። አሮጌው ባቡር ከተዳከመ በኋላ በዚያው አቅጣጫ የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሰጥቷል፤ እርሱም መቀመጫና መኝታ በየዋጋው የተለየበት ነው። ከጅጅጋም ቢሆን ገንዘብ ያለው ሰው በአውሮፕላን አንድ ሰዓት በሚሆን ጊዜ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ የሌለው በአውቶቡስ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ይገባል።

ይህን ስንል ለምቾት ገንዘብ መክፈልን እንደ ኃጢአት ቈጥረን አይደለም። የደከመ ሰው ለስላሳ ወንበር ቢገዛ፣ የታመመ ሰው በአውሮፕላን ቢሄድ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ቲኬቱ የሚሸጠው ወንበር ነው፤ ሌላውን የመናቅ ሥልጣን በየትኛውም ቢሮ በቲኬት አይሸጥም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ሲጠፋ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከፋ የዓለም ታሪክ ያስተምረናል። በአገራችን በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፋሺስቶች ነጩንና ጥቁሩን በአውቶቡስ ሳይቀር ለይተው ነበር፤ ባለአገሩ በገዛ አገሩ ከነጭ ጋር አብሮ እንዳይሳፈር ተከለከለ። በአሜሪካ አገር፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ሮዛ ፓርክስ የምትባል ልብስ ሰፊ ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ በአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አለቅም በማለቷ ታሰረች። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ የጽዮን ማርያምን በዓል በምናከብርበት ዕለት ማለት ነው። የከተማው ጥቁር ሕዝብ 381 ቀን በአውቶቡስ አልሳፈርም ብሎ በእግሩ ተመላለሰ፤ በመጨረሻም የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን የመለያየት ሕግ ሻረው።

ከደጃችን የሚያልፈው ባጃጅም የራሱ ታሪክ አለው። ስሙን ያገኘው ጃምናላል ባጃጅ ከሚባል የሕንድ ባለ ኢንዱስትሪ ነው፤ ይህም ሰው በ1934 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ የማኅተማ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅ የነበረ፣ ጋንዲም እንደ ልጁ የሚቈጥረው ነበር። ጋንዲ በ1885 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ሳለ በቆዳው ቀለም ምክንያት በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከባቡር ተጥሏል። በ1907 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን በገዛ ፈቃዱ በሦስተኛ ማዕረግ ከድኾች ጋር እየተጓዘ የመንገደኞቹን መከራ በጽሑፍ አስታውቋል። የተናቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላውን ለመናቅ ይቸኩላል፤ ይህ ሰው ግን በደረሰበት ንቀት የተናቁትን ማክበር ተማረ። በጐዳናችን የሚመላለሰው ባጃጅ የሚኒስትርም የጫኝም ጉልበት በአንድ ወንበር ላይ የሚያጋጥም በመሆኑ፣ ይህን ስም መያዙ የተገባ ይመስለናል።

በሞንትጎመሪ የነበረው ልዩነት በሕግ የተጻፈ ስለ ነበረ በፍርድ ሊሻር ቻለ። የእኛ የጋቢና ንቀት ግን በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ የሚኖረው በዓይን አመለካከት፣ በ«አንቺ»ና በ«አንተ»፣ በመሐረብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚሽረው ፍርድ ቤት የለም፤ ሊሻር የሚችለው በቤተሰብ ብቻ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በመልካም ስፍራ አስቀምጠው ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ «ከዚያ ቁም» የሚሉትን ምእመናን ሲገሥጽ፣ የመናኸሪያችንን ረዳት ያየ ይመስላል። ከዚህም ይበልጥ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበው ምሳሌ በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ ያለው ነው። የሕንደኬ ጃንደረባ በግምጃ ቤቷ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ታላቅ ባለሥልጣን ነበር፤ በራሱ ሠረገላም ይሄድ ነበር። ፊልጶስ ግን በምድረ በዳው መንገድ እየሮጠ የደረሰ እግረኛ ነበር። ባለሥልጣኑ «ይህ አቧራ የለበሰ ሰው ማን ነው?» አላለም፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ መቀመጫ የተነሣ የመጽሐፉ ምሥጢር ተገለጠለት፤ በመንገዱም ተጠመቀ። ይህን ታሪክ በየቤታችን ለልጆቻችን የምንነግር ሰዎች፣ ከጐናችን ያለውን ወንበር ለእግረኛው መንፈግ እንዴት ይሆንልናል?

እንግዲህ የምንለው ብዙ አይደለም። ጋቢና ባዶ ሆኖ ስናገኝ፣ ከመቀመጣችን በፊት ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም በሽተኛ አለ ወይ ብለን ወደ ኋላ እንመልከት፤ የክብር ወንበር ሲሰጡት ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም። ረዳቱን በስሙ ወይም «ወንድሜ» ብለን እንጥራው። ከሌሊቱ ጀምሮ በበር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል፣ የሾፌሩንም የተሳፋሪውንም ቍጣ የሚሸከም የሰው ልጅ ነው። ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ ወይም መልስ ሲያስቀር ዝም እንበለው ማለታችን አይደለም፤ መብትን በአንድ ድምፅና በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፣ ስድብ ግን ገንዘብ አስመልሶ አያውቅም። «ዝቅ በሉ» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣም አዛውንቱን ከወንበር በታች ከመሸሸግ ይልቅ፣ ተቀምጠን የምንሄደው ሰዎች ከመነሣታችን በፊት «ትርፍ አትጫን» ብንል ለሕይወታችንም ይበጃል። ሾፌሮችም የሰው ነፍስ እንደ ያዙ አስበው ይንዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችንን በጭናችን ላይ አስቀምጠን ስንጓዝ የምንናገረውንና የማንናገረውን እንጠንቀቅ። ልጅ ስለ ትሕትና የሰማውን ስብከት ሊረሳ ይችላል፤ አባቱ ለወተት ሻጯ «እናቴ፣ ይለፉ» ሲል የሰማውን ግን አይረሳም። አንድ የሱማልኛ ቃል፣ ለምሳሌ ሀበሪያር ማለትን፣ ብናስተምረው ከብዙ ምክር ይበልጣል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ በአንድ መኪና የሚሳፈሩ፣ የአንዲት እናት ወተት የሚጋሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ስም ቢያጡ ምን ጐረቤትነት ይባላል?

መኪናው በአስፋልቱ ላይ ሲከንፍ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ይላል። ሾፌሩም ይቆማል፤ ሰውየውም ዘንቢሉን ይዞ ይወርዳል። ጋቢና የተቀመጠውም ቢሆን መድረሻው ሲደርስ የሚለው ይህንኑ ቃል ነው። ሁላችንም ወራጆች ከሆንን፣ እስክንወርድ ድረስ ጠጋ ብለን ለጐረቤታችን ቦታ እንልቀቅለት።